ጫማ ያስወለቀው ቤተ መጻሕፍት

ንፋስ መውጫ፣ ማክሰኞ

ልመንህ ወዳጄ፣ ይህችን ፖስት ካርድ እየሳቅሁ ነው የምጽፍልህ። የቢሯችን አርክቴክት ዮዲት እንደ ድሮ ቤተ ክርስቲያን ክብ አድርጋ የሠራችውን ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የአገር ሽማግሌዎች አይተው ሊረከቡት መጡ። የመጀመሪያ ንድፏን «የኛን አይመስልም» ብለው መልሰውባት ስለነበር በሩ ላይ ትንቆራጠጣለች። እማሆይ ፋንቱ ቀድመው ደረሱ። ጫማቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ መቃኑን ተሳለሙ።

«እማሆይ፣ ቤተ መጻሕፍት እኮ ነው!» አለች ዮዲት ደንግጣ።

«ምነው አንቺ፣ ከመሳለሜ በፊት አትነግሪኝም ነበር? በይ፣ አንዴ ተሳልሜዋለሁ፤ የኛ ነው።»

ሽማግሌዎቹም እየሳቁ ጫማቸውን አወለቁ፤ ዮዲትም አወለቀች። ርክክቡ በባዶ እግር ተፈረመ። የአዲስ አበባውን የመስታወት ቢሯችንን ማን ይሳለመዋል?

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጅህን የኔነሽን ሳምልኝ። ዮዲት ጫማዋን ረስታ ከሽማግሌዎቹ ጋር እስክስታ ላይ ናት።