ፍሬ የማያፈራው ዘንባባ

እህት ዓለም፣

ስትነሺ እንዳትደነግጪ፣ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ቧንቧው ጠብ አይልም።
የውሃው ቦቴ በአራት ሰዓት ስለሚመጣ በሩን ክፈቺለት።
የሚጠጣ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አለ። መጋረጃውን አትግለጪ፤ የዚህ በረሃ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም።

ትናንት በጎረቤት ፊት፣ "ሻወር ውስጥ እየተኛሽ ውሃውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ" ብዬ ጮኼብሽ ነበር።

ዛሬ ጠዋት በባልዲ የቀረችውን ውሃ ይዤ በር ላይ ያለውን ዘንባባ ሳጠጣ ዘበኛው መጣና፣ "ጋሼ፣ እሱ እኮ ፕላስቲክ ነው" አለኝ።

ለእረፍት ከመጣን አሥራ ሁለት ቀናችን ነው። ጠዋትና ማታ በጎማ አጠጥቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እርሻ ያስተማርኩ ሰውዬ!
ባለፈው "አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ነው" ስልሽ ራስሽን በአዎንታ ነቀነቅሽ። ታውቂ ነበር እንዴ?
ተይው፣ አትንገሪኝ።

ዳቦ ልገዛ ወጥቻለሁ። ዘበኛው ሳቁን ሳይጨርስ አልመለስም።

ውሃው ሲመጣ እስኪበቃሽ ታጠቢ። ከዚያ ወጥተሽ ዘንባባዬን እይውና አንቺም ሳቂብኝ። ከትናንት ጀምሮ ድምፅሽን አልሰማሁም።

ወንድምሽ