ምንም ያልከፈለው ቁጥር

ውድ ወንድሜ ጀቤሳ፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ደግሞ የምነግረው ሰው ከአንተ ሌላ ኖሮኝ አያውቅም።

ወደ ወለጋ ልታስተምር ስትመለስ እስከ ጉደር ሸኝቼህ ነበር። የጸጥታ ሰዎች ሁለት ጊዜ ወስደው ከጠየቁህ በኋላ ነው። ድልድዩ ላይ ቆመን፣ "ለንሳ፣ ኬላ ላይ ስልክ ይፈትሻሉ። ስሜን አጥፊው፤ አዲሱን ቁጥሬንም ወረቀት ላይ እንዳታሰፍሪው" አልከኝ። "ታዲያ በምን ልያዘው?" ስልህ ሳቅክ። ያንተ ነገር! ስልክ ቁጥርህን በአካፋዮቹ አስጠናኸኝ። መነሻውን ዜሮ ትቼ፣ ዘጠኝ ሲባዛ በሠላሳ ሰባት፣ ሲባዛ በአንድ ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር። ያ ባለ ሰባት አሃዙ ፕራይም ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም። "እስከ 1637 ያሉትን ፕራይሞች ሁሉ ሞክሬበታለሁ፣ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም፤ ቀጣዩ ፕራይም በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ያልፈዋል" ብለህ ተኩራራህብኝ። እሱን እዚህም አልጽፈውም። አሁንም እፈራለሁ።

ኔትወርክ ለሁለት ወር ጠፍቶ ሰኞ ተመለሰ። አባዝቼ ደወልኩ። ጠራ፤ ተነሳ። የማላውቀው የወንድ ድምፅ "አንቺ ማን ነሽ?" አለኝ። ሃሎ የለ፣ ሰላምታ የለ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ራሱ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ አላነሳሁም።

እማዬ "ቁጥሩ ተሳስቶብሽ ነው፣ እስቲ በደንብ አስቢው" አለችኝ። እኔም በዚሁ ተንጠለጠልኩ። የደወልኩበትን ቁጥር አሃዞች ደመርኩ፣ ሠላሳ ስድስት፤ በዘጠኝ ይካፈላል። በሠላሳ ሰባትም ይካፈላል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያባዛሁት እኔው ነኝ! የሚያጠራጥረው ባለ ሰባት አሃዙ ነው። አንድ አሃዝ እንኳ ተዛብቶብኝ ከሆነ የሆነ ቁጥር ሳይከፍለው አይቀርም ብዬ ማካፈል ጀመርኩ። በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት... ሦስት ቀን ሙሉ። በእያንዳንዱ ላይ "እባክህ ያለ ቀሪ ውጣልኝ" እያልኩ ስለምን ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ስህተት እንዲገኝብኝ ስለት ተሳልኩ፤ ጉድ እኮ ነው። 1621፣ ቀሪ አለው። 1627፣ ቀሪ አለው። 1637 ላይ ስደርስ ደጋግሜ አካፈልኩት። እሱም ቀሪ አለው።

ቁጥሩ ያንተ ነው፣ ጀቤሳ። አልተሳሳትኩም። ስልክህ ሰው እጅ ገብቷል፤ አንተስ በማን እጅ ነህ?

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። "እህ?" አለች።

"ተሳስቻለሁ እማዬ። 1637 ከፈለው" አልኳት።

"ገለታ ዋቃዮ! ተመስገን! ብዬሽ አልነበር!" ብላ ተቀመጠች። ከሰኞ ወዲህ ያልቀመሰችውን ምሳ ዛሬ በላች። አሁን አጠገቤ ሆና ትክክለኛውን ቁጥር ቶሎ አግኝተሽ ደውዪለት እያለችኝ ነው።

ምን ልበላት? ና እና ውሸቴን እውነት አድርግልኝ።

መሳሳት አምሯት የቀረባት እህትህ፣
ለንሳ
አምቦ