የተገኙት ሠላሳ አራት ደቂቃዎች

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ዓይንዎ፣ ወገብዎና ጉልበትዎ ደህና እንዲሆኑ፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ በያሉበት እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስተኩስ አሥራ አራት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብዬ ስላደግሁ ድምፄን ሰምተውት አያውቁም። የተጻፈበት ወረቀት አይቼ ማለፍ ስለማልችል ባልደረቦቼ "ጋዜጣ" እያሉ ይጠሩኛል። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ስኳርና ሳሙና የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ የብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም። ደብዳቤዬን አንዳንድ ቦታ ተቀዶ ቢያገኙት በዚህ ይረዱልኝ።

ይህን በጦማሬ ላይ በግልጽ የማወጣው በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። የምጽፍልዎም ስለ ሥራ መብዛትና ስለ ጊዜ ማጣት ነው። በተራ ቁጥር የተጻፈ ነገር እንደሚወዱ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ስለተማርኩ እኔም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስላገኙልን ጊዜ አመሰግናለሁ። እኔ ጊዜ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከቤት እወጣለሁ፤ ስመለስ እናቴን አጥቤ፣ አብልቼ አስተኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ብይዝ ፊቴ ላይ ወድቆ ያድራል። የማነበው፣ ፎቶ የማነሳውና የምጽፈው መተኮሻ ማሽኑ በሚያርፍበት ሰዓት ብቻ ነበር። ማሽኑ ሁለት የጋሉ ሲሊንደሮች አሉት፤ አንሶላው በመሃላቸው ተጨፍልቆ ያልፋል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት ደቂቃ፣ ቆሞ መቀዝቀዝና መጠረግ ነበረበት። የሥራ ሰዓታችንን እንዲለካ የላኩልን ባለሙያ ሩጫ የሚለካበት ሰዓት ባንገቱ አንጠልጥሎ አራት ቀን ከኋላዬ ቆመና "ሠላሳ አራት ደቂቃ ባለቤት የሌለው ጊዜ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈ። ክቡር ሆይ፣ ባለቤት ነበረው። ማን እንደሆነ ግን ሲጠይቅ አላየሁም።

፪. እንግዲያው ባለቤቱን ላስተዋውቅዎ። የመጀመሪያው አሥራ ሰባት ደቂቃ የንባብ ነበር። ከየክፍሉ በሚወርደው አንሶላ ውስጥ ተጠቅልለው የበሽተኞች መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ለዕቃ ክፍል ከመመለሴ በፊት አነባቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ የታጠፈ ልብ ወለድ መጣ። ባለቤቱ ተሽሎት ይሁን አርፎ የሚነግረኝ ሳጣ፣ ከስልሳ አራት ጀምሬ ጨረስኩለት። የማነበው ጮክ ብዬ ነው። ምክንያቱም ከማሽኑ ፊት ቆማ አንሶላ የምታስገባው፣ ሁላችንም እታለም የምንላት ታላቃችን፣ መስማት ትወዳለች። "ጋዜጣ፣ ያ የመጽሐፉ ወንድምየው ዛሬም አልተያዘም? አንቺ እያዘገየሽው ነው እንጂ ይሄኔ ተይዞ ነበር" ትለኛለች። እያዳመጠችም በማንኪያ እጀታ የእጅ ከልካዩን ብሎን ታጠብቃለች። እጅ ከልካይ የምንለው ጣት ወደ ሲሊንደሮቹ እንዳይገባ የሚጋርደውን ብረት ነው። ብሎኑ በየቀኑ ይላላ ነበር፤ እሷም በየቀኑ ታጠብቀው ነበር። ማንኪያው በባለሙያው መዝገብ ውስጥ አልገባም።

፫. ሁለተኛው አሥራ ሰባት ደቂቃ የፎቶና የጽሑፍ ነበር። መስተዋቱ በተሰነጠቀ ስልኬ እንፋሎት ያስለቀሰውን መስኮት፣ የተንጠለጠለ ጓንት፣ የአንሶላ ክምር አነሳለሁ፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር ጽፌ ጦማሬ ላይ አወጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ አንባቢዎች አሉኝ፤ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፣ እሷም ሳታነብ "ግሩም ነው አክስቴ" እንደምትለኝ ደርሼበታለሁ።

ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይሥራ ተብሎ ሲታዘዝ ከዕረፍቱ ጋር ማንኪያውም ቀረ። ብሎኑ በሦስተኛው ሳምንት ወልቆ ጠፋ። ለክፍል ኃላፊያችን ብንነግረው "ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ እስከዚያው በሆነ ነገር እሰሩት" አለን። ፋሻ የማይጠፋበት ቤት ነውና በቁስል ፋሻ አሰርነው። አንድ ቀን ከመጸዳጃ ስመለስ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ፋሻው ላይ አርፎ አየሁና ፎቶ አነሳሁት። እውነቱን ለመናገር ለማስረጃ ብዬ አልነበረም፤ አምሮኝ ነው። "ብረቱም ታሞ ታሰረ" ብዬ ጽፌበት አወጣሁት።

፬. ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ሃያኛው አንባቢዬ እርስዎ መሆንዎን ያወቅሁት ከእሱ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ እጄ ገባ፤ የብሎኑ ጥያቄ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ፎቶውን ካላጠፋሁ ከሥራ እንደምሰናበት ይላል። አጠፋሁት። እናቴ አለችብኝ፣ ፈራሁ። እታለም አጠገቤ ቆማ "ተይው፣ ሆድ ይፍጀው" አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ፋሻው ተበጠሰ፤ ከቀኝ እጇ ሦስት ጣት ሄደ። ማሽኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀብኝ፣ ባለሙያዎ ስላልነበረ አልተለካም። የዚያን ዕለቱን አንሶላ እኔው መልሼ አጠብኩት።

፭. የአደጋውን ሪፖርት ግልባጭ በምስክርነት ፈርሚ ተብዬ ተቀብያለሁ። እጅ ከልካዩ "የተሟላ ነበር" ይላል። "ሠራተኛዋ በሥራ ሰዓት መጽሐፍ በማንበብ ላይ ሳለች በራሷ ቸልተኝነት ተጎድታለች፤ መጽሐፉም በስፍራው ተገኝቷል" ይላል። በእርግጥ ተገኝቷል። የእኔ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ፣ ከወር በላይ ሳይከፈት። ምነው ቤቴ ባስቀመጥኩት እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተቃጠልኩ በመንገር አላደክምዎትም።

ክቡር ሆይ፣ እታለም ማንበብ አትችልም። ፊደል አልቆጠረችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብዎ ላይ መገኘቷን ያስመሰከረችው በአውራ ጣቷ ነው። የሪፖርቱን ግርጌ ቢመለከቱ፣ መጽሐፍ ስታነብ ነበር ከሚለው ቃል በታች በፊርማ ቦታ የተቀመጠው የግራ አውራ ጣቷ አሻራ ነው፤ ቀኟ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበርና። አልጋዋ ድረስ ቀለም ይዞ የመጣው ሠራተኛዎ "የሕክምና ፈቃድ ነው እማማ፣ እዚህ ጋ ጫን ያድርጉልኝ" ብሏታል። እሷም ጫነች፤ እግዜር ይስጥህም ብላዋለች። ማንበብ ብትችል ኖሮ ባልፈረመች።

፮. ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል። እኛ ቅሎቹ ግን ጊዜያችንን ለድንጋዩ አስረክበናል። የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ በዚህ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ እታለም ከሥራ ትባረር ወይስ ትቆይ የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ አልፈርምም። ከጦማሬ ያጠፋሁት ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ከዚህ ደብዳቤ በታች መልሼ አውጥቼዋለሁ። ሪፖርቱ ከሐሙስ በፊት እንዲታረም፣ ብሎኑም እንዲገባ እለምናለሁ፤ በእታለም ቦታ የተተካችው ሴት ጣቶቿ ገና ሙሉ ናቸው። ቀጥሎ የሚደርሰኝ ደብዳቤ የስንብት እንደሚሆን አይጠፋኝም። ያን ጊዜ ለማንበብም፣ ለመጻፍም፣ ፎቶ ለማንሳትም ሰፊ ጊዜ ይኖረኛልና ስለዚህም ውለታዎ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ሠላሳ አራቱ ደቂቃዎች አሁን በእርስዎ ዘንድ ስላሉ ይህችን ለማንበብ ጊዜ አያጡም ብዬ በማመን፣ ከምድር ቤት ሆኜ እስከ አራተኛው ፎቅ ቢሮዎ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ያልተነካ ጤና ተመኝቼልዎ እሰናበታለሁ።

ከመተኮሻ ማሽኑ ማዶ
ጋዜጣ የምባለው

ማስታወሻ፦ ሪፖርትዎ እታለም አንባቢ መሆኗን በማኅተም ስላረጋገጠ፣ ቃልዎ ሐሰት ሆኖ እንዳይቀር ብዬ በጠያቂ ሰዓት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፊደል እያስቆጠርኳት ነው። ጉልህ ሆኖ የተተየበ ሌላ ወረቀት ስላጣን የምትማረው በራሱ በሪፖርቱ ግልባጭ ነው። ስሟን ያገኘች ዕለት በግራ እጇ ደጋግማ ዳሰሰችው። ትናንት ፊደል በፊደል እየለቀመች "ቸልተኝነት" ከሚለው ደረሰችና "ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው፣ ጋዜጣ?" አለችኝ። ታገሺ፣ ከገጹ ግርጌ፣ ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ ስንደርስ አሳይሻለሁ አልኳት።