እኔን ብቻ ያልሰደበች ሾርባ ሻጭ

ሲራክዬ፣

እዚህ ሃኖይ ሾርባ ሻጭ የምትሰድበው የወደደችውን ደንበኛ ነው። የሰፈራችን ሾርባ ሻጭ ሉየን፣ ጎረቤቴን ክዋን ገና ስታየው፣ "አንተ ሆዳም፣ ዛሬም መጣህ? ቁጭ በል፣ አታፍጥብኝ!" ትልና ሥጋ ትጨምርለታለች። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ዘንድ በልቼ፣ እስካሁን "ይቀመጡ ጌታዬ" ነኝ።

ዛሬ ሆን ብዬ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። "ምንም አይደል ጌታዬ" ብላ ጠረገችው። ክዋ በሳቅ ፍርስ አለ፤ እኔን ቅናት አንገበገበኝ።

እናንተ ቤትም እንዲሁ ነበርኩ። እናትህ እትዬ ዘርፌ አንተን "አንተ እርኩስ፣ ብላ!" እያሉ ሲያጎርሱህ፣ ለእኔ የእንግዳ ሰሃን ይወጣ ነበር። ያኔም ቀንቼብሃለሁ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እሳቸውን ሰላም በልልኝ። ስመጣ ሰሃኑን ትተው እኔንም ይስደቡኝ።

ኅሩይ