ከጢቾ የሚደወለው ዝናብ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዛሬም አልነቁብኝም። ዓርብ የሙከራ ጊዜዬ ያበቃል፤ የወሩን የዝናብ ሪፖርት ለኃላፊዬ ለአቶ ደምሴ የማቀርበውም ያን ቀን ነው። እስከዚያ፦ ሰው ሲያናግረኝ ቀና ማለት። ሰላምታ አለማሳጠር። የጣሪያው መብራት ጢዝ ሲል ጆሮዬን አለመያዝ። ኦቲዝም እንዳለብኝ ሐኪም የነገረኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ እዚህ ማንም አያውቅም። ይህን የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሥራም በስህተት የሰጡኝ ይመስለኛል።

ሦስት ሰዓት ላይ ከጢቾ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ተደወለ። ሁሌም አንዲት ሴት የዕለቱን ዝናብ በሚሊሜትር ብቻ ብላ ትዘጋለች። “አስራ አንድ ነጥብ አራት።” አውቀዋለሁ። የገባሁ ሰሞን የድሮውን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፍር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ 7 ከዚያው ጣቢያ የተመዘገበ ሆኖ ያየሁት ነው። ያለፈውን ሳምንትም ከዚያ መዝገብ ጋር አስተያየሁት። ሁሉም ያው ነው።

ማክሰኞ

ሳይደወል ከድሮው መዝገብ “ሰባት ነጥብ ሁለት” ብዬ ጽፌ ጠበቅሁ። “ሰባት ነጥብ ሁለት” አለች።

ያን መዝገብ የጻፉት ጢቾ ላይ ዝናብ ይለኩ የነበሩት አቶ ታደሰ ናቸው። የት እንዳሉ አጠገቤ የምትቀመጠውን ሂሩትን ጠየቅኳት። “ውይ፣ እሳቸውማ ከሞቱ ዓመት አለፋቸው” አለችኝ።

ረቡዕ

ዝም ልል ነበር። ተሳስቼ ከሆነ አለቀልኝ። ልክ ከሆንኩ ደግሞ እንዴት እንዳወቅሁ ይጠይቁኛል። ግን ገበሬው ማዳበሪያ የሚበትነው በእኛ ሪፖርት ነው።

ዛሬ “ዜሮ” አለች። ከድምፅዋ ጀርባ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኝ ነበር።

ጣቢያውን ልጎብኝ ብዬ አስፈቀድኩ።

ሐሙስ

ጢቾ ጉም ውጧታል። መለኪያው አቶ ታደሰ ግቢ መሐል ቆሟል፤ ዙሪያው ያለው ሣር ገና ዛሬ የታጨደ ነው። የአቶ ታደሰ ባለቤት እማማ አስካለ “ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው” አሉኝ። ድምፁ የስልኩ ድምፅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ደብተር አየሁ። አንዱ የባላቸው። ሁለተኛው ከቀብሩ ማግስት ይጀምራል፤ አንድ ቀን አልተዘለለም። የትናንቱ ሃያ ሁለት ነጥብ ስድስት ይላል።

“ይሄን ማን ለካው?”

“እኔ ነኛ።”

“ታዲያ ለምን የእርስዎን አይነግሩንም?”

“እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። አንድ ቀን ብሳሳት፣ ሴትዮዋ አትችልም ብለው መለኪያውን ይነቅሉታል። የሱን ቁጥር ግን ማንም ነቅፎት አያውቅም።”

አለቀስኩ። እኔም እንደዚያው እየፈራሁ ነው የምሠራው አልኳቸው። የራሳቸውን ደብተር ሰጡኝ።

ዓርብ

ሦስት ሰዓት ላይ እማማ አስካለ የማላውቀውን ቁጥር ነገሩኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ቁጥር የለም።

አቶ ደምሴ የእማማን ደብተር ከድሮው መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ ቆዩና “እንዴት አወቅሽ?” አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ሐኪሙ ያለውንም ጭምር። ጠረጴዛውን እያየሁ ነበር የተናገርኩት።

ከዚያ የዴራንና የኦጎልቾን ጣቢያዎች መዝገብ ከመደርደሪያ አውርደው ፊቴ አኖሩ። “እስቲ እነዚህንም እይልኝ” አሉ፤ ፊታቸውን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ስለ ሙከራ ጊዜዬ ምንም አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዴራው ጀምሬአለሁ። እስካሁን የሦስት ቀን ቁጥር አላማረኝም።