ለደም ማድረቂያ ባለሜዳ የጠየቀው አዳራሽ

ለአረንጓዴ ሸለቆ ዩኒቨርሲቲ ሁለገብ የስፖርትና የዝግጅት ማዕከል
ለክቡር ዳይሬክተሩ
ሀብሩ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለማዕከልዎ ወለልም ከጭረት መጠበቂያ ይስጥልኝ። እኔ ከአጥርዎ ማዶ የምኖር ሁሪያ የምባል ባልቴት ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና፣ ስሳሳት እንዲያርሙኝ እንጂ እንዲያዝኑልኝ አልጽፍም።

አስቀድሜ ላመስግን። ማዕከሉ የቆመበት ሜዳ የወል መሬት ነበር። ሁለት ወገን ደም ሲቃባ አስታራቂዎቻችን፣ አበጋሮቹ፣ የሚያስታርቁት እዚያ ነበር፤ በአገራችን ማንም በባላጋራው ደጅ እንግዳ ሆኖ ደም አያደርቅምና። መሬቱን ስትወስዱ አዳራሹ የእናንተም ነው አላችሁን። ቃል በብረትና በመስታወት ሲሠራ እንዴት እንደሚያምር ስላሳያችሁን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቅሬታዬ ይህ ነው፦

፩. ልጄ ጁነይድ በመስኖ ውሃ ተራ ጠብ በጎረቤታችን በሙጃሂድ ልጅ እጅ ሞተ። መንግሥት ገዳዩን አስሯል፤ ደሙን ግን እስር ቤት አያደርቀውም። የጁነይድን ታናሽ ወንድም ሙስዐብን ለዕርቅ እሺ ያሰኘሁት ጡቴን ይዤ ለምኜ ነው። አበጋራችን ሼህ አብዱልጀሊል አዳራሹን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ የዝግጅት ኃላፊዎ አቶ ሚኪያስ፣ ማዕከሉ የሚያውቀው ሠርግ፣ ምርቃትና ውድድር ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዷቸው። ሁለት ወገን ይገናኛል ስለተባለም ውድድር ውስጥ መደቡን። ያን ያህል ለመራቀቅ ስንት ዓመት መማር እንደሚያስፈልግ እኔ አልገምትም።

፪. አቶ ሚኪያስ ቀጥለው «ባለሜዳው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሼሁም «ልጄ፣ ባለሜዳ ቢኖርማ እዚህ ምን አመጣን?» አሏቸው። ኃላፊዎ ሳቁ፤ ያለ ባለቤት ግን በር አይከፈትም አሉ። ሼሁን አጅቦ የሄደው ሙጃሂድ፣ ለቁልፍ ርክክብ ብቻ መስሎት፣ የራሱን ስም ሰጠ።

፫. በዕርቁ ቀን የሙጃሂድ ስም በትልቅ ባነር በሩ ላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ «እንግዶቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ተጽፎ ጠበቀን። ሙስዐብ አነበበውና ቆመ። «እማ፣ ወንድሜን ቀብሬ የነሱ እንግዳ ልሁን?» አለኝ። ከዚያ ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ ተመለሰ። ሙጃሂድ እያለቀሰ ባነሩን ሊቀድ ሲንጠላጠል፣ ጥበቃዎችዎ የተቋም ንብረት ነው ብለው ያዙት። ልጄ ወደ ኋላ አልዞረምና ይህን አላየም። ንብረትዎ ስለተረፈ ደስ ብሎኛል።

፬. በማግስቱ አንዲት ትሑት ልጅ ከማዕከሉ ደውላ፣ በአገልግሎታችሁ ረክተን እንደሆነ ጠየቀችን።

ክቡር ሆይ፣ ሙስዐብ ከመርሳ ገበያ ሲመለስ በሙጃሂድ ደጅ በኩል ማለፍ ጀምሯል። የቤታችን መንገድ በዚያ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ያለ ባነርና ያለ ባለቤት፣ በሩን ከፍታችሁ ዘወር እንድትሉልን እጠይቃለሁ። መክፈቱ ቢከብዳችሁ እንኳ፣ ዘወር ማለቱን ቀድሞውንም ትችሉበታላችሁ።

የወለልዎን ንጽሕና ከአጥር ውጭ ሆና ዘወትር የምታደንቅ፣
የጁነይድ እናት ሁሪያ

ከፈረምሁ በኋላ የሰማሁት፦ በዚያ የዕርቅ ቀን በባዶው አዳራሽ ውስጥ የውጤት ሰሌዳው በርቶ ዜሮ ለዜሮ ይል ነበር አሉ። ይታረም፤ አንድ ለዜሮ ነው። አቻ ከመሆኑ በፊት በሩን ክፈቱልን።