ምልክት የሌለው ዘፈን

ላሊበላ፤ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የፍላቂት ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ገብሱስ ታጭዶ ገባልሽ? እኔ አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ይመስገን፣ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሰብሌና ልጆቹም እጅ ይነሳሉ።

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። መቼም ነገር መፈተሽ እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቼ የገረፍሽኝን አትረሺውም።

ባለፈው ወር ከመሪጌታ ወርቅአገኘሁ ጋር የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ስንመዘግብ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ደብተር ወጣ። የደብሩ ሰዎች ከቃሉ በላይ የዜማ ምልክት አዩና ድጓ ነው ብለው አስቀምጠውት፣ ሕዝቡ በየንግሡ ሲሳለመው ኖሯል። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩት። ሁለት መስመር ሳይሄዱ ቆሙና፣ ይህችማ ገበያ ስትወርድ ከጎረምሳ ጋር የምትሟገት ኮረዳ ናት ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ደንግጠው አማተቡ።

ደብተሩ የሻው የተባሉ መሪጌታ የጻፉት ነው። ድጓ አስመስክረው ሳለ ደሴ ወርደው፣ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ብቻ የሚነጋገርበትን ቴአትር ለዚያ አገር መጀመሪያ ያሳዩ ሰው ናቸው አሉ። ኖታ ስለማያውቁ ዘፈኑን የጻፉት በቤተ ክርስቲያን ምልክት ነው። በዚሁ ምክንያት ተወገዙ፤ ተጫዋቾቹ ተበተኑ፤ እሳቸውም መንኩሰው ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ አረፉ። ስንቱን ጠየቅሁ መሰለሽ! ምን ያስቃቸው ነበር? ድምፃቸው ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን? የሚያውቅ ጠፋ።

አሁን የከተማው ወጣቶች ቴአትሩን ሊያሳዩት ተነሥተዋል። መሪጌታ ወርቅአገኘሁ ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ስለሆነ በጥድፊያ ያስጠኗቸዋል። የዐሥራ አንዱ ዘፈን ዜማ ተገኘ። ዐሥራ ሁለተኛው፣ እናት ልጇን የምታስተኛበት፣ ምልክት የለውም። ጎኑ ላይ «ለዚህ ምልክት አያሻም፤ እሷ ታውቀዋለች» ተብሎ ተጽፏል።

እናቴ፣ ቃሉን እኔም አውቀዋለሁ። ጀርባዬን መታ መታ እያደረግሽ ስታስተኚኝ የምትዪው ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ አዚመሽልኝ አታውቂም፤ እንዲያው እንደ ጸሎት ታነበንቢው ነበር። ሰርግ ላይም ከማጨብጨብ በቀር አፍሽን አትከፍቺም። ደሴ ምን ትሠሪ ነበር ስልሽ፣ ሰው ቤት አገለግል ነበር ነው ያልሽኝ። ስሜን ዘፈኑ ውስጥ ያስገባሽው አንቺ ነሽ ብዬ አምን ነበር። ደብተሩም ላይ ሕፃኑ አረጋ ነው። የተጻፈው በ1963 ነው፤ እኔ የተወለድኩት በዓመቱ።

እሑድ የመሪጌታ የሻው መቃብር ድረስ ሄጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ የሚያውቁት ፊት ያገኙ ይመስል ግንባሬን ትክ ብለው አዩና የማን ልጅ ነህ አሉኝ። የእናቴ አልኳቸው። ሌላ ሳይጠይቁ ባረኩኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ስለደበቅሽኝ ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ግን ያንን ዜማ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ይዘሽ መኖርሽ አንጀቴን በላው። አንቺ ካላወጣሽው ካንቺ ጋር መቅረቱ ነው። ቅዳሜ በሚኒባስ እመጣለሁ። ለወጣቶቹ ስልኬ ላይ ብቀዳው ደስ ይለኛል፤ እምቢ ካልሽ ስልኩን አጠፋዋለሁ። ለእኔ ግን አንድ ጊዜ አዚሚልኝ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ድምፅሽንም ይጠብቅልኝ።

እንቅልፍ ያጣው ልጅሽ
አረጋ